የሻጭ ዝምታ፦ አሮጌ ትራክተር በቆላ ገበያ

አሮጌ ትራክተር የሚገዛ ሰው ብረቱን ብቻ ሳይሆን ብረቱ ያሳለፈውን ዕድሜም አብሮ ይገዛል። ያ ዕድሜ ግን በዓይን አይታይም። ሞተሩ ስንት ጊዜ እንደ ወረደ፣ ዘይቱ በሰዓቱ ይቀየር እንደ ነበር፣ ውኃ ጨርሶ የጋለበት ቀን መኖር አለመኖሩን የሚያውቀው ሻጩ ነው። ከዚህ የሚነሣው ጥያቄ ከመካኒክነት ይልቅ ለሃይማኖትና ለፍልስፍና ይቀርባል። ሻጭ የሚያውቀውን ጉድለት ሳይጠየቅ የመናገር ግዴታ አለበት? አንዲት የሐሰት ቃል ከአፉ ሳትወጣ፣ ዝም ብሎ የሸጠ ሰው በድሏል ሊባል ይችላል?

ጥያቄው በየገበያው ያለ ቢሆንም በሳንጃና በመተማ ቆላ ክብደቱ ይለያል። ሳንጃ ከጎንደር ወደ ሁመራ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የታች አርማጭሆ ከተማ ናት። ከእሷ ወዲያ ያለው ቆላ፣ ከአብደራፊ እስከ መተማና ቋራ፣ የሰሊጥ፣ የማሽላና የጥጥ አገር ነው። አብዛኛው መሬት ጥቁር አፈር ነው፤ በበጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ እየከፈተ ይደርቃል፣ ዝናብ ሲጠግብ ደግሞ ጎማ ይውጣል። ሰሊጥ የሚዘራው ዝናቡ ከያዘ በኋላ፣ ከሰኔ አጋማሽ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ባሉት ሳምንታት ነው። በእነዚያም መካከል አፈሩ ማሽን የሚሸከምባቸው ቀናት ጥቂት ናቸው። ስለዚህ ሚያዝያ ወይም ግንቦት ላይ ትራክተር የሚገዛ ሰው ዋጋ የሚከፍለው ለእነዚያ ቀናት ነው። ሐምሌ መግቢያ ላይ የቆመ ትራክተር ነሐሴ ላይ ቢጠገን ለሰሊጥ አይደርስም፤ ለባለቤቱ የሚተርፈው ያልታረሰ መሬትና የብድር ወለድ ነው።

ትራክተር በዚህ የሱዳን ድንበር አካባቢ እንግዳ አይደለም። ከድንበሩ ማዶ በሱዳን ገዳሪፍ አካባቢ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ ግድም በማሽን የሚታረስ የማሽላ እርሻ ተጀመረ። ቆየት ብሎ በኢትዮጵያ በኩል በሰቲት ሁመራ ባለሀብቶች ሰፋፊ መሬት በትራክተር ማረስ ያዙ። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ዐዋጅ መሬቱ የሕዝብ ሀብት ሲሆን ትልልቆቹ እርሻዎች ከነማሽኖቻቸው ወደ መንግሥት ዞሩ። በደርግ ዘመን በናዝሬት በሶቪየት ኅብረት እገዛ የተተከለው መገጣጠሚያ ደግሞ ቤላሩስ የተባለውን ትራክተር በአገሩ አዳረሰው። ዛሬ በቆላው እጅ በእጅ የሚዞሩት አሮጌ ማሽኖች፣ ቤላሩሱም ማሲ ፈርጉሰኑም ጆን ዲሩም፣ ብዙዎቹ ከአንድ በላይ ጌታ ያዩ ናቸው። ሊብሬው የመጨረሻውን ባለቤት ስም ይናገራል እንጂ በመካከል ማን እንዴት እንደ ነዳው አይናገርም።

የነዳጁ ዓይነት አስቀድሞ መታየት አለበት፤ ጉድለት የሚደበቅበትን መንገድ የሚወስነው እሱ ነውና። የቤንዚን ሞተር ቤንዚንና አየር ደባልቆ ይስብና በካንዴላ ብልጭታ ያቀጣጥለዋል። የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም፤ አየሩን ብቻ ስቦ ከ16 እስከ 20 እጥፍ ያህል ያምቀዋል፣ ታምቆ በጋለው አየር ላይ ናፍጣው በኖዝል ሲረጭ በራሱ ይነዳል። የዚህ ሞተር ፈልሳፊ ጀርመናዊው ሩዶልፍ ዲዝል እ.ኤ.አ. በ1897 በሚገባ የሚሠራውን ሞተሩን ለዓለም አሳየ። በ1900 በፓሪስ በተደረገው ዓለም አቀፍ ትርኢት ደግሞ ከዚሁ ዓይነት አንዱ ሞተር በለውዝ ዘይት ሲሠራ ታይቷል። የሰሊጥ አገር ገበሬ ይህን ሰምቶ ቢስቅ አይፈረድበትም፤ የሰሊጥ ዘይት ከናፍጣ የሚረክስበት ቀን ገና አልመጣም።

በአሜሪካና በእንግሊዝ ትንንሽ እርሻዎች ቤንዚን ለረጅም ጊዜ ነግሦ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1947 እስከ 1952 የተመረተው ፎርድ ኤይት ኤን የቤንዚን ነው። በ1946 የወጣው ግራጫው ፈርጉሰንም በቤንዚን ጀምሮ ናፍጣ ያገኘው በ1951 ነው። በእነዚያ አገሮች አሮጌ ትራክተር የሚገዛ ሰው ዛሬም በሁለቱ መካከል ያመነታል። በመተማ ግን በትልቁ ትራክተር ላይ ምርጫው የተዘጋ ያህል ነው። ቤንዚን የቀረው ለባጃጅ፣ ለጄኔሬተር፣ ለውኃ መሳቢያ ፓምፕና ለአንዳንድ በእጅ ለሚነዳ አነስተኛ ማረሻ ነው። ምክንያቱም አለ። አንድ ሊትር ናፍጣ ከአንድ ሊትር ቤንዚን በአንድ አሥረኛ ያህል የሚበልጥ ጉልበት ይይዛል፤ ሞተሩም ከሚያቃጥለው ውስጥ ወደ ሥራ የሚለውጠው ድርሻ ይበልጣል፤ ዝግ ባለ ዙር ከባድ ዲስክ መጎተት ያውቅበታል።

ከሁሉ በላይ ግን ሙቀቱ አለ። ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ባሉት ወራት የመተማ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ እንኳ እሳት የሚይዝ ተን ያወጣል፤ ናፍጣ ግን 50 ዲግሪ አልፎ ካልሞቀ አያወጣም። በእርሻ ካምፕ ነዳጅ በበርሜል ተሞልቶ ከሳር ዳስ ብዙም ሳይርቅ ይቀመጣል። በዳሱ ውስጥ ከደጋ የመጡ የቀን ሠራተኞች እሳት አንድደው ያበስላሉ፣ ያድራሉ። ነዳጅ መምረጥ እንግዲህ የወጪ ስሌት ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ከበርሜሉ አጠገብ የሚተኛው ሰው በግዢው ውል ላይ አልተጠየቀም፣ አልፈረመምም።

የመጀመሪያው ቋጠሮ እዚህ ላይ ነው። አንድ ሻጭ እንከን የማይወጣለት የቤንዚን ትራክተር አለው እንበል። ገዢው ደግሞ በቅርቡ ከደጋ ወርዶ መሬት የያዘ፣ የቆላውን ሙቀትና የነዳጁን ነገር ያልለመደ ሰው ነው። ማሽኑ አይጨስም፣ ዘይት አያንጠባጥብም፣ በመጀመሪያው ቁልፍ ይነሣል። ለዚህ ሰው ግን አይሆነውም። ጉድለት ያለበት ዕቃ ተሸጠለት ይባላል? ጉድለትን በዕቃው ውስጥ ብቻ የሚፈልግ ሰው አይባልም ይላል። ጉድለት በዕቃውና በታሰበለት ሥራ መካከል ያለ አለመገጣጠም ነው የሚል ሰው ግን ሻጩ የገዢውን መሬት እያወቀ ዝም ማለቱን አይቀበለውም። የ1952 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ ለሁለተኛው አሳብ ያደላል፤ ዕቃው ለተለመደው አገልግሎቱ የማይበቃ ሲሆን ብቻ ሳይሆን፣ በውሉ በግልጽ ወይም በተዘዋዋሪ ለታሰበው ልዩ አገልግሎት የማይሆን ሲሆንም ጉድለት እንዳለበት ይቆጥረዋል። ሕጉ ይህን ያለው ስለ ውል ነው። ኅሊና ግን ውሉ ላይ ያልተጻፈውን፣ ሻጩ ከገዢው አነጋገር የተረዳውንም ይጨምራል፤ ደግሞም ይህን መናገር ለሻጩ የሚያስከፍለው ዋጋ ከአንድ ገዢ አይበልጥም።

ሁለተኛው ቋጠሮ የሚከብደው በናፍጣ ላይ ነው። የቤንዚን ሞተር ሚስጥር አይጠብቅም። ካንዴላው ተፈትቶ ሲታይ ስለ ሲሊንደሩ ብዙ ይናገራል፤ በካንዴላው ቀዳዳ ተራ መለኪያ ተክሎ ኮምፕሬሽኑን መለካት ለማንኛውም ጋራዥ ቀላል ነው። የናፍጣ ሞተር ግን ግፊቱ ከፍተኛ ስለሆነ ለእሱ የተሠራ መለኪያና የኖዝል መፍታት ይጠይቃል፤ በሻጭ ግቢ ውስጥ ቆሞ ይህን የሚያስደርግ ገዢ እምብዛም አይገኝም። ስለዚህ የሚቀረው ጭሱን ማየት ነው። ሰማያዊ ጭስ ፋሻው አልቆ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን፣ ጥቁር ጭስ ናፍጣው መብዛቱን ወይም አየር ማጠሩን፣ የማያቋርጥ ነጭ ጭስ ያልተቃጠለ ናፍጣን ወይም ወደ ሲሊንደር የገባ ውኃን ይጠቁማል። የዘይት መክደኛው ሲከፈት ጭስ ከውስጥ እየተገፋ የሚወጣ ከሆነ ፋሻው ደክሟል። ዘይቱ ወተት መስሎ ከተገኘ ውኃ ገብቶበታል፤ ያኔ ጉርኒሲዮኑ ወይም ቴስታታው ይጠረጠራል።

እነዚህን ምልክቶች ሁሉ መሸፈን ይቻላል። ወፍራም ዘይት የሞተሩን ድምፅ ያለዝባል፣ ጭሱንም ለተወሰኑ ሰዓታት ይቀንሳል። ሰዓት ቆጣሪው ይነቀላል ወይም ይለወጣል። ከሁሉም የተለመደው ግን ገዢው ከመድረሱ በፊት ሞተሩን አስነሥቶ ማሞቅ ነው፤ ኮምፕሬሽኑ የወደቀ ሞተር ሲቀዘቅዝ እንጂ ከሞቀ በኋላ አያስቸግርም። እዚህ ላይ ቆላው ራሱ የሻጩ ተባባሪ ይሆናል። በደጋው በዳባት ወይም በደባርቅ በጠዋት ብርድ የማይነሣ ሞተር፣ መተማ ላይ አየሩ ራሱ ስለሚሞቅ ሳያንገራግር ሊነሣ ይችላል። በአንጻሩ የናፍጣ ፖምፓው ያለቀበት ሞተር ቀዝቃዛ ሆኖ በደንብ ተነሥቶ፣ ከሠራ በኋላ ጠፍቶ እንደገና ሲሞከር እንቢ ይላል፤ የሞቀ ናፍጣ ቀጭን ስለሆነ ባለቀው ፖምፓ ውስጥ ያመልጣል። የመጀመሪያውን ሕመም ሙቀት ይደብቀዋል፣ ሁለተኛውን ሙቀት ያወጣዋል። ሁለቱንም ለማየት ትራክተሩን በማለዳ አስነሥቶ፣ ግማሽ ቀን አሳርሶ፣ አጥፍቶ እንደገና ማስነሣት ያስፈልጋል። ይህን የሚፈቅድ ሻጭ ቢገኝ ፈቃዱ ራሱ ምስክር ነው። ቤላሩስ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። ከቤላሩስ ዓይነቶች አንዱ በሞተሪኖ ፋንታ በትንሽ የቤንዚን ሞተር የሚነሣ ነው፤ ትንሹ ሞተር ትልቁን እየደጋገመ ስለሚያዞረው፣ የደከመ የናፍጣ ሞተር እንኳ ጤነኛ መስሎ ይነሣል።

ገዢ ዓይኑን ይክፈት የሚለው የድሮ የንግድ ሕግ ኃይል የሚኖረው ዓይን በሚበቃበት ቦታ ነው። ማሽኑ የሚደብቀው በበዛ ቁጥር ግዴታው ወደሚያውቀው ሰው ይሸጋገራል። የፍልስፍናው ክርክር የሚሽከረከረው በዚህ ዙሪያ ሲሆን፣ መልኩን በደንብ ያስቀመጠው ሮማዊው ሲሴሮ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት ለልጁ ስለ ግዴታዎች በጻፈው መጽሐፍ ሦስተኛ ክፍል አንድ ነጋዴ ያመጣል። ነጋዴው ረኃብ ወደ ጠናባት ወደ ሮድስ ደሴት ከእስክንድርያ እህል ጭኖ ይደርሳል፤ ሌሎች እህል የጫኑ መርከቦች ከኋላው እየመጡ መሆናቸውን ያውቃል። ይንገራቸው ወይስ ዝም ብሎ በውድ ይሽጥ? ፈላስፋው የባቢሎኑ ዲዮጋን ሕግ ከሚያዘው በላይ መናገር አይጠበቅበትም፣ ዝም ማለትና መደበቅ አንድ አይደሉም ይላል። ደቀ መዝሙሩ አንቲጳጥሮስ ደግሞ ሰው ለሰው የተፈጠረ ነውና ሁሉንም ይንገር ይላል። ሲሴሮ የፈረደው ለደቀ መዝሙሩ ነው። በእሱ አሳብ ዝምታ ሁሉ መደበቅ አይደለም፤ ሌላው ሰው ቢያውቀው የሚጠቅመውን ነገር ለራስ ትርፍ ሲሉ እንዳያውቅ ማድረግ ግን መደበቅ ነው።

ለዲዮጋን ተገቢውን ግምት መስጠት ያስፈልጋል። ሁሉ ይነገር ከተባለ ማለቂያ የለውም። አሮጌ ትራክተር ሁሉም ነገሩ ያለቀ ነው፤ ፍሪሲዮኑ፣ ኩሽኔታው፣ ጎማው። ሻጩ መካኒክ አይደለም፣ የጠረጠረውን ሁሉ ቢዘረዝር ገዢ አያገኝም። ደግሞም ሻጩ ስለ ዕቃው የሚያውቀውና ስለ ገበያው የሚያውቀው ይለያያሉ። በ13ኛው መቶ ዓመት የነበረው ቶማስ አኩዊናስ ልዩነቱን አጥርቶ አስቀምጦታል። አንድ ዓይኑ መታወሩ በግልጽ የሚታይ ፈረስ የሚሸጥ ሰው፣ ዋጋውን ከቀነሰ፣ የታወቀውን ጉድለት የማወጅ ግዴታ የለበትም። ስውርና ገዢውን ለጉዳት ወይም ለአደጋ የሚያጋልጥ ጉድለት ግን መነገር አለበት። ስለ እህሉ ነጋዴ ደግሞ ሲሴሮ የጠየቀውን ያህል አልጠየቀም፤ ወደፊት የሚሆነውን የገበያ ነገር አለመናገሩ ፍትሕን አይጥስም፣ ቢናገር ግን የበለጠ በጎነት ነው አለ። በሳንጃ ይህ እንዲህ ይተረጎማል። ብዙ ትራክተር በቅርቡ ገብቶ ዋጋ እንደሚወርድ የሰማ ሻጭ ዝም ቢል ጮሌ ነጋዴ ነው። ቴስታታው ተሰንጥቆ እንደ ተበየደ እያወቀ ዝም ካለ ግን በደለኛ ነው። የአኩዊናስ መስመር ለገበያም ለኅሊናም የሚመች ነው፤ የታወቀ፣ የተሰወረና የሚጎዳ ጉድለት ይነገራል፣ ከዚህ የወጣው በገዢው ዓይን ይዳኛል። ፍሬን ብቻ ከመስመሩ ውጭ ይቆማል። በመኸር ጊዜ ከትራክተር በስተኋላ በተሳቢ ላይ ሠራተኞች ተጭነው ስለሚሄዱ፣ የፍሬን ጉድለት ዋጋ ተቀንሶለት ዝም የሚባልበት ነገር አይደለም።

በመተማ ሙስሊምና ክርስቲያን ጎን ለጎን ይነግዳሉ፤ ከድንበሩ ማዶ ያለው ገላባትም የሙስሊሞች አገር ነው። በእስልምና ነገሩ ከንግድ ሥነ ምግባር አልፎ ሕግ ሆኗል። በሐዲስ እንደሚተረከው ነቢዩ ሙሐመድ በገበያ በእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን ከተው ርጥበት አገኙ፤ ዝናብ የመታውን ክፍል ሰው እንዲያየው ከላይ ያላደረገውን ነጋዴም ገሠጹት፣ የሚያታልልም ከእኛ ወገን አይደለም አሉ። ይህ ነጋዴ አንድም ቃል አልዋሸም፤ የተወቀሰው በክምሩ አደራደር ነው። ሞተሩን አሙቆ ገዢ የሚጠብቅ ሰው ሁኔታ ከዚህ ብዙ አይርቅም። የሕግ ሊቃውንቱም ከዚህ ተነሥተው ገዢው የተሰወረ ጉድለት ሲያገኝ ዕቃውን የመመለስ መብት ሰጡት።

እንዳለ ነው የሸጥኩት የሚለውን የሻጮች ቃል በተመለከተ ሙወጣእ በተባለው የኢማም ማሊክ የሐዲስና የሕግ መጽሐፍ ውስጥ ያለው ታሪክ ሁሉንም ነገር ይዟል። በዘመኑ ባርያ መሸጥ ልማድ ነበርና የኸሊፋ ዑመር ልጅ አብደላህ ለማንኛውም ጉድለት ከመጠየቅ ነፃ ነኝ ብሎ አንድ ባርያ በ800 ድርሃም ሸጠ። ገዢው፣ ባርያው ያልተነገረኝ ሕመም አለበት ብሎ ከሰሰው። ኸሊፋው ዑስማን የፈረዱት አብደላህ ሲሸጠው ሕመሙን እንደማያውቅ ይማል ብለው ነው። አብደላህ መማል እንቢ አለና ባርያውን መልሶ ወሰደው፤ ሰውየውም ከዳነ በኋላ በ1,500 ድርሃም ተሸጠ። ከፍርዱ የሚገኘው መርሕ ነፃ ነኝ የሚለው ቃል የሚያድነው ሻጩ ከማያውቀው ጉድለት ብቻ ነው የሚል ነው። እያወቀ ነፃ ነኝ ያለ ሰው ቃሉ አያድነውም። የሱዳን ሙስሊሞች በአብዛኛው የሚከተሉት የዚሁ የኢማም ማሊክን የሕግ መንገድ፣ ማሊኪውን መዝሀብ፣ ስለሆነ ይህ ፍርድ ለድንበሩ ገበያ ሩቅ አይደለም።

በክርስቲያኑ ወገን ክርክሩ በአብዛኛው የሚነሣው በመሐላ ላይ ነው። በገበያ ገዢው ማልልኝ ይላል፣ ሻጩም በሚካኤል ወይም በጊዮርጊስ ይምላል። የተራራው ስብከት ግን ጨርሶ አትማሉ ብሎ፣ ቃላችሁ አዎን ወይም አይደለም ብቻ ይሁን ያለ ነው። ልምዱን ያወሳሰበው አንድ ስልት አለ። ብልጥ ሻጭ የሚምለው እውነት በሆነው ጠርዝ ላይ ብቻ ነው፤ ሞተሩ ዘንድሮ አልወረደም ብሎ ይምላል፣ አምና ስለ ወረደው አልተጠየቀም። ቃሉ እውነት ነው፣ ገዢው የተረዳው ግን ሐሰት ነው። ኦሪት ዘሌዋውያን ለባልንጀራ ሲሸጡም ከእሱ ሲገዙም እርስ በርስ አለመበዳደርን ያዛል፤ ትእዛዙ ሁለቱንም ወገን የያዘ መሆኑ ልብ ይባላል። መጽሐፈ ምሳሌም በ20ኛው ምዕራፍ ሲገዛ ዕቃውን እያጣጣለ፣ ሲሄድ በግዢው የሚኩራራውን ገዢ ያነሣል። በሳንጃ ገበያ ይህ ገዢ ብርቅ አይደለም። መካኒክ ይዞ ይመጣል፣ ፖምፓው አዲስ መሆኑን ያያል፣ ባለቤቱ የፖምፓውን ዋጋ እንደማያውቅ ይረዳል፣ ከዚያ ጭሱን እየነቀፈ ዋጋ ያስወርዳል። የሻጭ ዝምታ በደል ከሆነ የዚህ ሰው ነቀፋ የማይሆንበት ምክንያት የለም። ልዩነቱ በደሉ የሚያስከትለው ጉዳት ላይ ነው፤ ሻጩ ገንዘብ ያጣል እንጂ ክረምቱን አያጣም።

ፍትሐ ነገሥት በ13ኛው መቶ ዓመት በግብፅ በአረብኛ ተዘጋጅቶ ወደ ግዕዝ የተመለሰ የቤተ ክርስቲያንና የመንግሥት ሕግ ነው፤ ስለ መሸጥና ስለ መግዛትም ራሱን የቻለ ክፍል አለው። ከጀርባው የሮማና የቢዛንታይን ሕግ አለ። በጥንቷ ሮማ ገበያ የሚቆጣጠሩ ሹማምንት ባርያና ከብት የሚሸጥ ሰው ጉድለቱን እንዲያውጅ ያስገድዱ ነበር፤ ያላወጀው ዕቃውን ተቀብሎ ገንዘቡን ይመልሳል። በከብት ላይም የነበረው ይህ ግዴታ ትራክተር ላይ ቢደርስ አያስገርምም። የሚሠራ፣ የሚያረጅ፣ ሕመሙን የሚደብቅ ነገር ነውና በሬን ከሞላ ጎደል የተካ ዕቃ ነው።

የምጣኔ ሀብት ጥናት ደግሞ ዝምታው ገበያውን ራሱን እንደሚያበላሽ አሳይቷል። አሜሪካዊው ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ ስለ አሮጌ መኪና ገበያ አስረድቷል፤ በ2001 የኖቤል ሽልማት ከተካፈሉት አንዱም ነው። ገዢ ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ካልቻለ የሚከፍለው የመካከለኛውን ዋጋ ነው። ያ ዋጋ ለጥሩው ማሽን ባለቤት ስለማይበቃው እሱ ከገበያ ይወጣል፤ የሚቀረው እየባሰ ይሄዳል፣ ዋጋውም ይወርዳል። የቆላው ሰው ይህን ያለ ጽሑፍ ያውቀዋል። ደህና ትራክተር ካለው ሰው ላይ ማንም ሳይለምነው አያገኘውም፤ ለገበያ የወጣውን ሁሉ ደግሞ ምን ሆኖ ነው የሚሸጠው ብሎ ይጠረጥራል። ንጹሕ ሻጭም የሚጠረጠረው ከእሱ በፊት ዝም ባሉት ሻጮች ምክንያት ነው።

በቆላው የባለቤቱ ዕውቀት ራሱ አጠያያቂ ነው። ባለቤቱ ብዙ ጊዜ ጎንደር ወይም ገንዳ ውኃ ተቀምጦ እርሻውን በስልክ የሚያስተዳድር ሰው ነው። ማሽኑን የሚያውቀው ሹፌሩ ነው፤ የትኛው ማርሽ እንደሚያመልጥ፣ ስንት ቀን ያለ ዘይት እንደ ሠራ የሚያውቀው እሱ ነው። ባለቤቱ አላውቅም ሲል እውነቱን ሊሆን ይችላል። ሹፌሩን ያልጠየቀው እንዳያውቅ ብሎ ከሆነ ግን አለማወቁ የተመረጠ ነው፤ የተመረጠ አለማወቅ ደግሞ ከዕውቀት የሚለየው ለማመካኘት ስለሚመች ብቻ ነው። የሹፌሩ ሁኔታ ይከብዳል። እንጀራው ከባለቤቱ ነው፣ ዕውቀቱ ግን ለገዢው ነው የሚያስፈልገው፤ ሲጠየቅ መዋሸት አይገባውም፣ ሳይጠየቅ እንዲናገር መፍረድ ግን ለድሃ ሰው የሀብታሙን ግዴታ ማሸከም ይሆናል። ደላላው ከሁለቱም ወገን ኮሚሽን የሚቀበል ነው፤ ከሁለቱም ተቀብሎ የአንዱን ምስጢር ከሌላው የሚደብቅ ከሆነ፣ ከገዢው የወሰደው የምን ዋጋ እንደሆነ ማስረዳት አይችልም።

የጥንቶቹ ተከራካሪዎች ሁሉ ሻጭና ገዢን ፊት ለፊት አቁመው ይመረምራሉ። በቆላው ግን የዝምታው ዕዳ የሚያርፈው በአብዛኛው ከሁለቱ ውጭ ባለ ሰው ላይ ነው። አንድ ትራክተር የባለቤቱን መሬት ብቻ አያርስም፤ በአካባቢው ያሉ በሬ የሌላቸው ወይም መሬታቸው ከበሬ አቅም በላይ የሆነ ገበሬዎች በሄክታር ወይም በሰዓት ሒሳብ ይከራዩታል፣ ብዙዎቹም ወረፋ ለመያዝ አስቀድመው ይከፍላሉ። ማሽኑ ሐምሌ ላይ ሲቆም ወረፋው ሁሉ ይቆማል። ሻጩ እነዚህን ገበሬዎች አያውቃቸውም፣ እነሱም ሽያጩ መኖሩን አልሰሙም። ገዢ ዓይኑን ይክፈት የሚለው መርሕ ለእነሱ ትርጉም የለውም፤ ዓይናቸውን የሚከፍቱበት አጋጣሚ አልነበረም። ገዢው በቸልታው ጥፋተኛ ነው ብሎ ሻጩን ነፃ የሚያወጣ ሰው፣ የገዢው ቸልታ የሦስተኛውን ሰው መብት እንዴት እንደሚሰርዝ ማሳየት ይኖርበታል። ዲዮጋን ለዚህ መልስ የለውም፤ የእሱ ክርክር የሚሠራው ኪሳራው በተስማማው ሰው ላይ ብቻ ሲያርፍ ነው። የተሰወረ ጉድለትን መናገር ግዴታ የሚሆንበት ትልቁ ምክንያትም ይህ ነው።

ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ሁለት መንገድ አለ። የፍትሐ ብሔሩ ሕግ ገዢው ዕቃውን እንደ ተረከበ እንዲመረምር፣ ጉድለት ሲያገኝ ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያሳውቅ፣ ክስም ካለው ካሳወቀ በኋላ በ1 ዓመት ውስጥ እንዲያቀርብ ያዛል፤ ሻጩ አታልሎ ያዘገየው እንደሆነ ግን የጊዜው ገደብ አይጸናበትም። ግንቦት ላይ የተገዛ የናፍጣ ሞተር ሕመሙን የሚያሳየው ሐምሌ ላይ ጭነት ሲበዛበት ስለሆነ፣ ሳይዘገይ የሚለው ቃል መቆጠር የሚገባው ከርክክቡ ቀን ሳይሆን ጉድለቱ ሊታይ ከቻለበት ቀን ነው። በተግባር ግን አብዛኛው ጉዳይ የሚያልቀው በሽምግልና ነው። ሽማግሌዎቹ መካኒክ ያስመጣሉ፣ ሞተሩን ያስወርዳሉ፣ ስንጥቁ አሮጌ ይሁን አዲስ ያስመረምራሉ፤ በአሮጌ ስንጥቅ ላይ የሚታየው የብየዳ ምልክት ከማንኛውም መሐላ ይበልጥ ይታመናል። ከዚያ ሻጩ የጥገናውን ግማሽ ወይም ሁለት ሦስተኛ ይክፈል ተብሎ ይታረቃሉ።

የኅሊናው መንገድ ከዚህ ይረዝማል። በኦርቶዶክስ ሥርዓት ኃጢአቱን ለነፍስ አባቱ የተናዘዘ ሻጭ ጸሎትና ስግደት ብቻ ተቀብሎ አይሄድም፤ የበደለውን እንዲክስ ይጠየቃል። ለዚህ የሚጠቀሰው አብነት የሉቃስ ወንጌሉ ቀራጭ ዘኬዎስ ነው፤ በግፍ የወሰደውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ያለ። በእስልምናም በሰው መብት ላይ የተሠራ በደል ባለመብቱ ካልተካሰ ወይም ይቅር ካላለ በንስሐ ብቻ አይሰረዝም። ሁለቱም ሃይማኖቶች ስለዚህ ሻጩን ወደ ገዢው ይመልሱታል፣ የገዢውንም ሒሳብ ከጥገናው ዋጋ በላይ ያደርጉታል፤ ያልተዘራው ሰሊጥ፣ ለሌላ ትራክተር የተከፈለው ኪራይ፣ ቀድመው የከፈሉ ገበሬዎች ቀብድ ሁሉ በውስጡ ይገባል። ሽማግሌዎች ይህን የመጨረሻውን ብዙ ጊዜ አይቆጥሩትም፣ ገበሬዎቹ በሽምግልናው ስለማይቀመጡ። ሻጩ ግን ስማቸውንና የከፈሉትን ከገዢው ጠይቆ መመለስ ይችላል፤ ወረፋው በሹፌሩ ደብተር ላይ ተጽፎ የሚገኝ ነው።